ከቦርከና እስከ ጦሳ፦ ስለ አደገኛ ቆሻሻ፣ ስለ ታዳሽ ኃይልና አደጋን ስለመቋቋም ሳይንስ ከወሎ ተማሪዎችና ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ የምሠራ የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያ ነኝ። ትምህርት ቤት ስጋበዝም ሆነ ቅሬ (እድር) ላይ ስቀመጥ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። ተማሪው ምን እንደሚያጠና ይጠይቃል፣ ወላጁ እንጀራ ይወጣው እንደሆነ፣ ገበሬው ደግሞ ውሃው ደህና መሆኑን። መልሱን አንድ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ጻፍኩት።

አደገኛ ቆሻሻ፣ ታዳሽ ኃይል፣ አደጋን መቋቋም… ሦስቱን ምን አገናኛቸው? አንድ ሰውስ ሦስቱንም ይችላል?

የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ መጨረሻው የት ነው? ፋብሪካ የተጠቀመበት ኬሚካል መጨረሻው የት ነው? ዛሬ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሶላር ባትሪው ሲሞት ማን እጅ ይገባል? ዳገት ላይ የተከመረው አፈር ክረምት ሲገባ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ እስከ ጫፉ የተከተለ ሰው ሳያስበው ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያው አጠገብ ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እየተገነባ ነበር። ቆሻሻው፣ ናዳውና ኃይሉ አንድ ግቢ ውስጥ ማለት ይቻላል። ስለ ቆሻሻ ብቻ የተማረ ሰው የክምሩን ተዳፋት አያሰላም። ስለ ናዳ ብቻ የተማረም ከክምሩ ሥር ስለሚብላላው ጋዝ አያስብም።

ወደኛ እንምጣ። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ በጨፋ ረግረግ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደው ቦርከና ባሕር አይደርስም። አዋሽ ራሱ አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ስለዚህ ቦርከና ውስጥ የገባ ክሮም ወይም እርሳስ (ሁለቱም ከባድ ብረቶች ናቸው) «ባሕር ወሰደው» የሚባልለት አይደለም። በደለሉ፣ በመስኖ ማሳው፣ በጨፋ ሣር ውስጥ እዚሁ ይቀራል። በበጋ ጨፋ ላይ ከብቱን የሚያሰማራው የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደር ኮምቦልቻ ላይ ማን ምን እንደለቀቀ አያውቅም። እኔን እዚህ ሙያ ላይ ያቆየኝ ከሁሉም በላይ ይኸው ነው።

አደገኛ ቆሻሻ የሚባለው ምንድን ነው? እኛ አገር ይህን ያህል አለ እንዴ?

የሚመርዝ፣ የሚያቃጥል፣ የሚፈነዳ፣ ብረት የሚበላ ወይም በሽታ የሚያስተላልፍ ቆሻሻ ሁሉ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው የኒውክሌር ነገር ይመስለዋል። እኛ ጋ ያለው ግን በየደጃችን የምናልፈው ነው።

የመኪናና የሶላር ባትሪን ውሰዱ። አንድ የመኪና ባትሪ 15 ኪሎ ቢመዝን ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። ቁራሌው ይገዛዋል፣ አንዱ ጓሮ ይፈታል። አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ እርሳሱ ብረት ድስት ውስጥ ይቀልጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሥራው ቀላል ስለሆነ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ይሠራዋል። ብናኙ ግቢው ላይ ያርፋል፣ ሕፃኑ መሬት የነካ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ደም «ይህን ያህል እርሳስ ችግር የለውም» የሚባል መጠን እንደሌለ በግልጽ አስቀምጧል። ጉዳቱ ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቶሎ አይታይም። ልጁ አይታመምም፤ ትምህርት ይከብደዋል፣ ሰነፍ ተብሎ ይቀራል።

ሌላው የተባይ ማጥፊያ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲያጠቃ ብዙ ኬሚካል ተረጭቷል፤ መረጨቱም ግድ ነበር። የባዶው ጀሪካን ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ጥሩ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ይገጥማል። ስለዚህ ታጥቦ ውሃ ወይም ዘይት ይቀዳበታል። እባካችሁ አታድርጉት። በሳሙና ቢታጠብም ፕላስቲኩ የመጠጠው አይለቅም። ትክክለኛው አሠራር ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያ ጀሪካኑን መብሳት ነው። የተበሳ ጀሪካን ማንም ውሃ አይቀዳበትም።

ጊዜ ያለፈበት ኬሚካል አገራችን ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተከማችቶ ኖሯል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተልኮ ነው የተቃጠለው። በወቅቱ አገር ውስጥ በአግባቡ የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበረ ነው። መጋዘን ውስጥ አንድ በርሜል ማስቀመጥ ቀላል ሲሆን ማስወገዱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሆስፒታል ቆሻሻ ላይ ብዙ አልቆይም። ከጤና ተቋም ከሚወጣው 85 በመቶው ተራ ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶ ብቻ ነው። መርፌው ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ካልገባና ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ግን መቶ በመቶው አደገኛ ይሆናል። መለየት የሚባለው ሥራ ክብደቱ ይህ ነው።

ወንዝ ዳር የሚሠራው ሥራ ምን ይመስላል?

ጠዋት በጊዜ እንወጣለን። ሲሞቅ ናሙናው ባሕርዩን ይቀይራል። መጀመሪያ የምንሄደው ፋብሪካ ካለበት በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል ነው። ከላይ ያለው ውሃ ካልታወቀ ከታች ያለው ምን እንደተጨመረበት ማወቅ አይቻልም። ይህን ዘልሎ ፍሳሽ መውጫው ላይ ብቻ ቀድቶ የሚመጣ ተማሪ አለ። ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን የሚመሰክርለት የለም።

እንደ ክሮምና እርሳስ ላለ ብረት ምርመራ የሚሆነው የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀድሞ በአሲድ የታጠበ ነው። ወንዙ ውስጥ ፊትን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አድርጎ መቆም ያስፈልጋል። በእግራችን ያነሳነው ደለል ወደ ኋላችን ይሄዳል እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ አይገባም። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀን ከውሃው ገጽ በታች አስገብተን እንሞላለን። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መጠን)፣ ሙቀትና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እዚያው ይለካሉ፤ ላብራቶሪ እስኪደርሱ አይጠብቁም። ከዚያ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ፒኤቹ ከ2 በታች ካልወረደ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ማሽኑ «የለም» ይለናል። ጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ቀኑ የሚያልቀው በዚህ ነው። ድንገተኛ ግኝት፣ ጭብጨባ የለም። ያው ሥራ በበጋም በክረምትም፣ ፋብሪካው ሲሠራም ሲቆምም ይደጋገማል። አንድ ቀን የተለካ ውሃ ስለዚያ ቀን ብቻ ነው የሚናገረው።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላስ? ፋብሪካው ተዘግቶ ልጆቻችን ሥራ ይጡ ነው የምትሉት?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ተገቢም ነው። ኮምቦልቻ ለስንቱ ቤት እንጀራ እንደሆነች አውቃለሁ። ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እነዚህ ባይኖሩ ልጆቻችን ወዴት ይሰደዱ እንደነበር አይጠፋኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ከክሮሙ ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይዘው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ይህ ክሮም በገንዘብ የተገዛ ነው። ፍሳሹን ለብቻው ሰብስቦ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቢጨመርበት ክሮሙ ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ እንደገና ለቆዳ ሥራ ይውላል። ፋብሪካው ይቆጥባል፣ ወንዙም ይተርፋል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ አገር የሚሠራበት ነው። የሚጎድለው ከማምረቻው ቀጥሎ ሌላ ገንዳ ለማቆም የሚወስን ሥራ አስኪያጅና ስሌቱን ሠርቶ የሚያሳየው ባለሙያ ነው።

ሁለቱንም ወገን አብሮ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል። ለፋብሪካው መሐንዲስ የሚቀርበው ውጤት በዚያው ሳምንት ከታች በዚያ ውሃ ሰላጣና ቃሪያ ለሚያጠጣው ገበሬም መቅረብ አለበት። በወረቀት ሳይሆን በቃል፣ ማሳው ላይ ቆሞ። «ቅጠላ ቅጠል ተውና ሌላ ዝራ» ለማለት ደግሞ ሌላው ምን እንደሚያዋጣው አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። መርምሮ ቁጥሩን ለመጽሔት ብቻ የሚሰጥ ሳይንቲስት ግማሹን ሥራ ነው የሠራው ብዬ አምናለሁ።

ቆሻሻውን ሰብስበን ለምን አናቃጥለውም? መብራትም እናገኝበታለን።

ረጲ ነሐሴ 2010 ዓ.ም ሲመረቅ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው። ከተማ ሁሉ ይሠራው ማለት ግን አይደለም። የኛ ከተሞች ቆሻሻ አብዛኛው የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ልጣጭና አመድ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ እሳቱ ኃይሉን የሚጨርሰው ውሃውን በማትነን ነው። ሙቀቱም ከ850 ዲግሪ በላይ መሆን፣ ጭሱም በዚያ ሙቀት ቢያንስ 2 ሴኮንድ መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ይወጣል። በየግቢው ጉድጓድ ውስጥ የሚለኮሰው ፌስታል ይህን ሙቀት በፍጹም አያገኝም። ለደሴና ለኮምቦልቻ ቆሻሻ እኔ የምመርጠው እርጥቡን ለይቶ ወደ ብስባሽ ወይም ወደ ባዮጋዝ መውሰድ ነው።

ታዳሽ ኃይል ሲባል ግድብና የነፋስ ተርባይን ነው የምናስበው። ገጠር ወሎ ውስጥ ምን ሥራ አለው?

ትልቁ ሥራ ምጣዱ ሥር ነው። በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነድደው ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል እንጨት፣ ከሰል፣ ገለባና ኩበት ነው። በደጋው ወሎ ዛፉ ካለቀ ስለቆየ ኩበቱ ይነድዳል። ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ኩበት ማንደድ ዘርን ቆልቶ እንደ መብላት ነው፤ ረሃቡ ለዛሬ ይታገሳል፣ የመጪው ዓመት ግን ተበልቷል። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። አራት አምስት ከብት ያለው ቤት ደግሞ እበቱን ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ቢያስገባ ጋዙን ለምድጃ፣ የሚተርፈውን ዝቃጭ ለማሳው ያገኛል። ኃይልና ማዳበሪያ መጣላታቸው ይቀራል።

ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር ክትባቱ ከተበላሸ የኩፍኝ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። የፀሐይ ኃይላችን በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ዛሬ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፀሐይ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ አለ፤ ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ ያስቀምጣል። እኔ ይህንን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ገጠር ውስጥ ሶላር ሲበላሽ በአብዛኛው ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። የሞተው ባትሪ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ጽፌዋለሁ። ጣሪያ ላይ ሶላር የሚሰቅል ፕሮጀክት አሮጌውን ባትሪ ማን እንደሚሰበስብ በውሉ ካልጻፈ ሥራውን አልጨረሰም።

ግድቡም ከኛ የራቀ አይደለም። የደላንታና የመቅደላ ውሃ በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባል። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ወደተሠራው ሕዳሴ የሚወርደው አፈር ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ ሐምሌ ላይ በሽሎ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃውን ማየት ነው። ዳገት ላይ እርከን የሠራ ገበሬ ለማሳው ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለመብራታችንም ሠርቷል።

ድርቅ ከፈጣሪ ነው። ሳይንቲስት ምን ያደርግለታል?

ዝናብ ከፈጣሪ መሆኑ ላይ ክርክር የለኝም። የዝናብ መቅረትና የሰው ማለቅ ግን የተለያዩ ናቸው። የስልሳ ስድስቱን አባቶቻችን ይነግሩናል፣ የሰባ ሰባቱን በዓይናቸው ያዩ ዛሬም መካከላችን አሉ። በስልሳ ስድስቱ ሕዝቡ ያለቀው ዝናብ በመቅረቱ ብቻ አይደለም። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ስለቆየም ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። የሰባ ሰባቱ እልቂት ደግሞ የዓለምን አሠራር ለወጠ። ከሳተላይት የሣርና የሰብል ልምላሜ እያየ ስለ ረሃብ የሚያስጠነቅቀው ፊውስኔት የተመሠረተው በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ሳይንቲስቱ የሚሠራው ቶሎ ማየት ላይ ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ከቀረ ሰኔ ላይ የሚሰበሰብ ነገር የለም፤ ይህ ሚያዝያ ላይ ይታወቃል። ሳተላይት የማያየውን ደግሞ ገበያ ያሳያል። ሰኞ ባቲ ገበያ ሄዳችሁ ሁለት ዋጋ ጠይቁ፦ የአንድ ፍየልና የአንድ ኩንታል ማሽላ። አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? ይህ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ሲያሽቆለቁል አርብቶ አደሩ ከብቱን ለመሸጥ ተጣድፏል፣ እህሉም ጠፍቷል ማለት ነው። ከሲታ ሕፃን ጤና ጣቢያ ከመድረሱ ወራት በፊት ገበያው ይናገራል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የሚረዳው እንዲህ ያለ መረጃ በጊዜው ሲደርስ ነው። ሰው በሬውን ከሸጠ በኋላ የሚደርስ እህል ነፍስ ያቆያል፣ ኑሮ ግን አይመልስም።

ደሴ ላይ ስለ ናዳ ሁልጊዜ ይወራል። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ምን እንመልከት?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ምድር በተሰነጠቀበት ገደላማ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስተምሥራቅ ያለው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፣ ምድሩ ዛሬም ይንቀሳቀሳል። በ1953 ዓ.ም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለችው ካራቆሬ ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ እንደወደመች ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ዳገቱን ግን በአብዛኛው የሚያንሸራትተው ውሃ ነው። ክረምት ሲገፋ አፈሩ ይጠግባል፣ ይከብዳል፣ መያዣው ይላላል። ከላይ ያለው ጎረቤት የጣሪያውን ውሃና የመጸዳጃውን ፍሳሽ ወደ ዳገቱ ሲለቅ ሰማይ የሰጠው ላይ ጨመረበት ማለት ነው።

የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ፣ ጎንበስ ብሎ ያደገ ባሕር ዛፍ፣ ከዚህ በፊት ምንጭ ባልነበረበት የሚፈልቅ ውሃ፣ ያለ ምክንያት መዝጋት ያቃተው በር። መሬቱ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ካስማ ጠበቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፣ አናታቸው ላይ ምስማር ምቱበት፣ በምስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር መለኪያ ለኩና ጻፉት። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ ድገሙት። ርቀቱ እየሰፋ፣ ከቀን ቀንም እየፈጠነ ከሄደ በዚያ ቤት አትደሩ። ቀበሌው ባለሙያ እስኪያመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ስንጥቁን ደግሞ በሸክላ አፈር ድፈኑት፣ ውሃ እንዳይገባበት።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ውስጥ በናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነዚህ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ናቸው፤ እየቆፈሩ ሳለ ዳገቱ እንደገና ወረደባቸው። ወሎም እንዲሁ ነው። ኡኡታ ሲሰማ ቅሬው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ማንም ቤቱ አይቀርም። ይህን ደግነት የምነካው በፍርሃት ነው፤ ግን መናገር አለብኝ። መጀመሪያ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የላይኛውን ዳገት እንዲጠብቅ ይመደብ። ድንጋይ ሲንከባለል ወይም ስንጥቅ ሲከፈት ካየ ይጩህ፣ ሁሉም ይውጣ። የሚሸሹበትም አቅጣጫ ወደ ጎን ነው፤ ወደ ታች የሚሮጥን ናዳው ይደርስበታል። ይህን ሐምሌ ሳይገባ ቅሬው ተነጋግሮ ሰው ቢመድብ ስብሰባው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

የት ልማር? ምን ልማር?

አንድ የተወሰነ በር የለም። ኬሚካል ምሕንድስና፣ የውሃ ምሕንድስና፣ ኬሚስትሪ፣ ጂኦሎጂ፣ የአካባቢ ጤና፣ ሁሉም ያስገባል። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርባችሁ ነው፤ ፋብሪካና ወንዝ አጠገቡ ያለ ግቢ ቀላል ዕድል አይደለም። በአደጋ ሥራ አመራር ላይ ማጥናት ለሚፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የምመክረው አንድ ጠንካራ ሙያ መያዝ ነው። ሦስቱን ማገናኘት በሁለተኛ ዲግሪና በሥራ ይመጣል። ከመጀመሪያው ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የቀመሰ ሰው መለኪያውን ራሱ ማስተካከል ያቅተዋል። ስታትስቲክስ ግን ማንም አይዝለል።

ሥራ ይገኛል?

ይገኛል፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ፋብሪካዎች የሚለቁትን እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳሉ። ይህን የሚያስፈጽምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪዎች፣ የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ይቀጥራሉ። የመንግሥት መነሻ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ወላጆች ይህን አውቀው ልጃቸውን ቢደግፉ ደስ ይለኛል።

ሥራው ራሱ አያሳምምም? ለሴት ልጅስ?

ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ ያለው፣ እጁን ሳይታጠብ የማይበላ፣ የሥራ ልብሱን ቤት ወስዶ ከልጆቹ ልብስ ጋር የማያጥብ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይሠራል። ከማውቃቸው ጠንቃቃ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ነፍሰ ጡር የሆነች ግን ከእርሳስ ሥራ ትራቅ፣ እርሳስ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ይህን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ እሷ የምትለምነው ውለታ አይደለም።

ገና አሥረኛ ክፍል ነኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ዝናብ መለካት ጀምሪ ወይም ጀምር። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ታችና ላዩ እኩል የሆነ ጣሳ ፈልጉ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ ግንድ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም የሚያነብቡት በዚሁ ሰዓት ነው፣ የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ጻፉና ድፉት። ያልዘነበበትንም ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ የተተወ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «አልለካሁም» ኋላ ማንም አይለየውም። አንድ በልግና አንድ ክረምት ከሞላ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ጂኦግራፊ መምህራችሁ ሂዱ፣ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ የሚለያዩበትን ቀን ካገኛችሁ ለምን እንደተለያዩ ጠይቁ፣ የዳገቱን አቅጣጫም ተመልከቱ።